የኬሞና የጨረር ታካሚ በምን ይጉመጥመጥ? ለሐዋሳ አስታማሚዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የጀመረ ሰው ያለበት ቤት ምክር አይጠፋም። አንዱ ጎረቤት «በጨው ውሃ ይጉመጥመጥ» ይላል። ሌላዋ ዳማከሴ ጨምቃ ትመጣለች። ፋርማሲ ሲኬድ ደግሞ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ጠርሙስ ተደርድሯል። ሁሉም የአፍ መጉመጥመጫ ነው ይባላል። ግን የተሠሩት ለአንድ ዓላማ አይደለም። አንዳንዱ እንዲያውም ኬሞ የነካውን አፍ ጉዳት ያባብሳል።

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ሪፈራል ለሚመላለሱ፣ ለጨረርም አዲስ አበባ ድረስ ለሚሄዱ ታካሚዎችና አስታማሚዎቻቸው ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ሰው መነሻው ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው የጨውና የሶዳ ውሃ ነው። ከዚያ በላይ ምን እንደሚጨመር የሚወስነው ታካሚው የሚወስደው ሕክምና ነው። የጠርሙሱ ዋጋ ምንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ሕክምናውን እወቁ

የአፍ ውስጥ ስስ ቆዳ ቶሎ ቶሎ ራሱን የሚያድስ አካል ነው። ኬሞ ደግሞ ቶሎ የሚባዛን ሴል ሁሉ ይመታል። ለዚህ ነው አፍ ቀድሞ የሚጎዳው። መጀመሪያ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከዚያ ይቆስላል።

በኬሞ የሚመጣው ቁስል ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይድናል። ፍሎሮዩራሲል (ብዙዎች ፋይቭ ኤፍ ዩ የሚሉት)፣ ሜቶትሬክሴት እና ቀይ ቀለም ያለው ዶክሶሩቢሲን በዚህ ይታወቃሉ። በጨረር የሚመጣው ግን ይለያል። ጨረሩ ራስና አንገት ላይ ሲሆን ቁስሉ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ይጀምርና ሕክምናው ካለቀም በኋላ ለሳምንታት ይቆያል። ጡት ወይም እግር ላይ የሚሰጥ ጨረር አፍን አያቆስልም።

ስለዚህ ፋርማሲ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም ሲስተሯን «የመድኃኒቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፉልን» በሉ። ያ ወረቀት ከሌለ የሚቀጥለው ንጽጽር ሁሉ ግምት ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አምስት ነገር ይበቃናል። አንደኛ፣ ቁስሉን *ለመከላከል* በጥናት ተፈትኗል ወይ? ለየትኛው ሕክምና? ሕመም ማስታገስና መከላከል የተለያዩ ናቸው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ያቃጥላል ወይ? አልኮል፣ ሎሚነት ወይም ኃይለኛ ሚንት ያለው ነገር የተላጠ አፍ ላይ እሳት ነው። ሦስተኛ፣ ታካሚው በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለሳምንታት ሊችለው ይችላል ወይ? ጣዕሙ የሚያስመልስ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። አራተኛ፣ እዚሁ ሐዋሳ ሳያልቅ ይገኛል ወይ፣ ዋጋውስ ለወራት ይቻላል ወይ? አምስተኛ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል ወይ?

የጨውና የሶዳ ውሃ

ይህ ውሃ ብቻውን ቁስልን አስቀድሞ እንደሚከላከል የሚያረጋግጥ ጠንካራ ጥናት የለም። ታዲያ ለምን አስቀደምኩት? አፍን ያጸዳል፣ ያረጥባል፣ የአሲድ ስሜትን ይቀንሳል፣ አያቃጥልም፣ ጉዳት የለውም። የካንሰር ደጋፊ ሕክምና ባለሙያዎችም መሠረታዊ የአፍ እንክብካቤ ውስጥ ያስገቡታል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በኬሞ አፋቸው የቆሰለ 200 ሰዎችን ወስዶ ሦስት መጉመጥመጫ አወዳደረ። ጨውና ሶዳ፣ ክሎርሄክሲዲን፣ እንዲሁም ማደንዘዣ ያለበት ድብልቅ መድኃኒት። ቁስሉ ለመዳን የወሰደበት ጊዜ አልተለያየም። ርካሹ ጨውና ሶዳ ነበር።

አዘገጃጀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

አንድ ሊትር ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ መለኪያው እሱ ነው፤ በደንብ ታጥቦ ይደርቅ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ማንኪያው በቁልል መሆን የለበትም፤ በቢላ ጀርባ አስተካክሉት። ሶዳው ውሃው ውስጥ እስኪጠፋ ነቅንቁ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን በማርከር ጻፉ። በማግስቱ የተረፈውን ድፉና አዲስ አዘጋጁ። በሐዋሳ ሙቀት የቆየ ውሃ ታማሚ አፍ ውስጥ አይገባም።

ሱቅ ስትልኩ ተጠንቀቁ። ቤኪንግ ሶዳ እና ቤኪንግ ፓውደር ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ፓውደሩ ኬክ ለማስነሳት አሲድና ስታርች የተጨመረበት ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተላከው ልጅ የቱን እንዳመጣ ማሸጊያውን አንብቡ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። አንድ ጉንጭ ያዙ፤ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ጉንጭና ድድ ሥር ሁሉ አዳርሱ፤ ትፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙ። ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ። የሚጀመረው ኬሞው በተጀመረበት ቀን ነው። ብዙ ቤተሰብ ቁስሉ ከወጣ በኋላ ነው የሚነሳው፤ ያኔ መከላከሉ ቀርቶ ማስታመም ሆኗል።

«እናታችን ደም ግፊት አለባት፣ ጨው እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ከተተፋ ችግር የለውም። ስጋቱ ካልለቀቃችሁ በሶዳው ብቻ አዘጋጁላት።

በረዶ

በረዶ መጉመጥመጫ አይደለም። ግን መከላከልን በተመለከተ ከሁሉም ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ስለሆነ አልዘለውም። ዋጋው ደግሞ ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብርድ የአፍ ደም ሥሮችን ያጠባል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በብዛት ባለበት በዚያች አጭር ጊዜ አፍ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል። ፍሎሮዩራሲል በአንድ ጊዜ በመርፌ ሲሰጥ ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ዘዴው ይሠራል። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ 5 ደቂቃ በፊት ተጀምሮ በጠቅላላው ለ30 ደቂቃ አፍን በበረዶ ማቆየት ነው። ይህ በ1991 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ታይቷል፤ በኋላ የመጣው ጥናት ደግሞ 60 ደቂቃ ማቆየት ከ30ው የተሻለ ነገር እንደማይጨምር አሳየ። ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በፊት ለሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ሜልፋላንም ይመከራል። ሁለት ቀን ሙሉ ቀስ እያለ በሚንጠባጠብ ፍሎሮዩራሲል ግን ትርጉም የለውም፤ ሁለት ቀን በረዶ የሚይዝ ሰው የለም።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች ፍሎሮዩራሲልን ብዙ ጊዜ ከኦክሳሊፕላቲን ጋር ይወስዳሉ። ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ ብርድ አይወድም። ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ ወይም ሲጠጡ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ጉሮሮ የሚዘጋ ይመስላል። ወረቀታችሁ ላይ ኦክሳሊፕላቲን የሚል ካለ በረዶ አይሞከርም። በረዶ ስለመጠቀም ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ከፈቀደ በረዶውን ቤታችሁ ሥሩት፤ በፈላ ውሃ። የሱቅና የጁስ ቤት በረዶ ውሃው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ፍጩት፤ ስለታም ጠርዝ ያለው በረዶ ራሱ አፍ ይቧጭራል። ከአቶቴም ሆነ ከታቦር ግርጌ በባጃጅ ሪፈራል እስክትደርሱ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙስ በደንብ ይይዘዋል። ማታ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው አዘጋጁ።

ቤንዚዳሚን

ይህ የፋርማሲ መድኃኒት ነው፤ እብጠትና ሕመም ይቀንሳል። ቦታው ግልጽ ነው፦ ራስና አንገት ላይ ጨረር ለሚወስዱ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ቤንዚዳሚን ከተጠቀሙት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ገደማ ምንም ቁስል ሳይወጣባቸው ቆዩ። መድኃኒት አልባውን መጉመጥመጫ ከተጠቀሙት ግን እንዲህ የሆነላቸው 18% ብቻ ነበሩ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው ዓለም አቀፍ መመሪያም መካከለኛ የጨረር መጠን፣ ማለትም ከ50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች፣ ለሚወስዱ ይመክረዋል። ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ለሚወስዱም እንደ አማራጭ ያስቀምጠዋል።

የተለመደው 0.15% የሆነው ነው፤ 15 ሚሊ ሊትር ይዞ መጉመጥመጥና መትፋት፣ በቀን ብዙ ጊዜ። አንዳንድ ሰው ላይ ይቆጠቁጣል። ከቆጠቆጠ በእኩል ውሃ ማቅጠን ይቻላል። ችግሩ የትም ፋርማሲ ገብታችሁ የምታነሱት ዕቃ አለመሆኑ ነው። ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ፒያሳም መናኸሪያ አካባቢም ያሉ ፋርማሲዎችን ጠይቁ። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነም እዚያ ስትደርሱ ቀድማችሁ ያዙ። ለሳምንታት የሚበቃ መሆን አለበት፤ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ መሐል ላይ ማቆም ገንዘብ ማባከን ነው። ኬሞ ብቻ ለሚወስድ ሰው ግን ለዚህ የሚወጣው ብር ለዕንቁላልና ለወተት ቢውል እመርጣለሁ።

ክሎርሄክሲዲን

«የአፍ መጉመጥመጫ ስጡኝ» ስትሉ ብዙ ጊዜ እጃችሁ ላይ የሚቀመጠው ይህ ነው። ለድድ ሕመም ጥሩ መድኃኒት ነው። የኬሞ ቁስልን በመከላከል ግን ተፈትኖ ወድቋል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ኬሞ የሚወስዱ 222 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከውሃ የተለየ ውጤት አላሳየም። ራስና አንገት ላይ ጨረር ለሚወስዱም መመሪያው ለመከላከል እንዳይጠቀሙበት ይላል።

በዚያ ላይ ጥርስ ያጠቁራል፣ ምላስ ላይ ጣዕም ያበላሻል፣ አንዳንዱ ዓይነት አልኮል አለበት። ምግብ የሸሸው ሰው ላይ ጣዕም ማበላሸት ቀላል ነገር አይደለም። የጥርስ ሐኪም ለድድ ኢንፌክሽን ብሎ ካዘዘ ግን ተጠቀሙ። ያኔ ጥርስ በሳሙና ከተቦረሸ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ኒስታቲን (የፈንገስ መድኃኒት) አብሮ ከታዘዘም አንድ ላይ አይወሰዱ፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል።

ማር

ማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ራስና አንገት ላይ ጨረር ለሚወስዱ ደግሞ መመሪያው ራሱ ቁስልን ለመከላከል ሊሞከር ይችላል ይላል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ማሌዥያ ውስጥ 40 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ሰዎቹ ከጨረር 15 ደቂቃ በፊት፣ ከጨረር 15 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም ከ6 ሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሊትር ማር አፋቸው ውስጥ አዳርሰው ቀስ ብለው ይውጡ ነበር። ከባድ ቁስል የታየባቸው 20% ሲሆኑ፣ ማር ካልወሰዱት ግን 75% ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ውጤቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

ማሳሰቢያው ብዙ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረው። ጨረር ምራቅ ያደርቃል፤ ደረቅ አፍ ላይ የቀረ ጣፋጭ ጥርስ ይበላል፤ ስለዚህ ትንሽ ቆይቶ በጨውና በሶዳ ውሃ መታጠብ ነው። ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሳምንት ያልተጣራ ማር መብላት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ገበያ ላይ ስኳር የተቀላቀለበት ማር ስለማይጠፋ ከምታውቁት ሰው ግዙ።

የቀሩት ባጭሩ

ማደንዘዣ ያለበት ድብልቅ መጉመጥመጫ ሕመም ያስታግሳል፤ አይከላከልም። ከምግብ በፊት ጉሮሮን ካደነዘዘ ትን ሊል ስለሚችል ሐኪም እንዳለው ብቻ። ኒስታቲንና ሐምራዊው ጂቪ ለፈንገስ ናቸው፤ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ካልታየና ሐኪም ካላዘዘ ቦታ የላቸውም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ መዳንን ያዘገያል፤ ይቅር። ሱክራልፌት (የጨጓራ መድኃኒት) ለጨረር ቁስል እንደማይጠቅም ታይቷል። ዴክሳሜታዞን መጉመጥመጫ የሚሠራው ኤቨሮሊመስ የሚባል ክኒን ለሚወስዱ ነው። «ትንፋሽ ያሳምራል» የሚባሉት አልኮል ያለባቸው ጠርሙሶች ደግሞ እዚህ ቤት አይገቡም።

ስለ ዳማከሴም ልበል። ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ እንቀባለን፤ ፌጦና ሎሚም የሚጨምር አለ። በጤነኛ ሰው ላይ በራሱ ጊዜ ይድናል። ኬሞ በሚወስድ ሰው ላይ ግን ያው «ምች» የምንለው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው፤ አቅም ሲያጣ ይስፋፋል፤ የራሱ መድኃኒትም አለው። አሳዩት እንጂ አትቀቡት። ፌጦና ሎሚ የተላጠ አፍ ላይ ማድረግ ታማሚውን ማሰቃየት ነው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ለመከላከል ማስረጃው | ለማን | ያቃጥላል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ጨውና ሶዳ | ደካማ፤ ለንጽሕና ግን ይመከራል | ለሁሉም | አያቃጥልም | በጣም ርካሽ |
| በረዶ | ጠንካራ | ፍሎሮዩራሲል በአንድ ጊዜ ለሚወስዱ፤ ከፍተኛ መጠን ሜልፋላን | ጥርስ ይቀዘቅዛል፤ ከኦክሳሊፕላቲን ጋር ክልክል | የለውም ማለት ይቻላል |
| ቤንዚዳሚን | ጠንካራ | የራስና አንገት ጨረር | አንዳንዴ ይቆጠቁጣል | ውድ፤ ፈልጎ ማግኘት አለ |
| ክሎርሄክሲዲን | አይከላከልም | በሐኪም ትእዛዝ ለድድ | አልኮል ያለበት ያቃጥላል | መካከለኛ |
| ማር | መካከለኛ | የራስና አንገት ጨረር፤ ስኳር ለሌለበት | ብዙም አያቃጥልም | መካከለኛ |
| ማደንዘዣ ድብልቅ | አይከላከልም | ቁስሉ ከወጣ በኋላ ለሕመም | ያደነዝዛል | እንደ ድብልቁ |

እናንተ የትኛው ናችሁ?

*ኬሞ ብቻ፣ እጅ አጠር ያለ።* ጨውና ሶዳ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ሌላ አትግዙ። መፋቂያው ለጊዜው ይቀመጥ፤ ድድ ይወጋል፣ ደም የሚያረጋው ሴል (ፕላትሌት) ሲያንስ ደግሞ መድማቱ ቶሎ አይቆምም። ቀሪውን ብር ምግብ ላይ አውሉት፦ አጥሚት፣ ሽሮ አልጫ፣ ሙዝ፣ ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ ሾርባ ሚጥሚጣ ሳይነካው።

*ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከዚያ ራቅ ብሎ የሚመጣ፣ ዘመድ ቤት ወይም ፔንሲዮን የሚያድር።* አንድ ማንኪያ ጨውና አንድ ማንኪያ ሶዳ በትንንሽ ፌስታል እየቋጠራችሁ ያዙ። አንድ ቋጠሮ ለአንድ ሊትር። ፔንሲዮን ውስጥ ማንኪያ መፈለግ አይኖርም፤ የታሸገ ውሃ ከፍቶ መጨመር ብቻ ነው።

*ፍሎሮዩራሲል ያለበት ኬሞ።* ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው? ኦክሳሊፕላቲን አለበት? መልሱ «አዎ» እና «የለም» ከሆነ በረዶ፣ ከዚያ ጨውና ሶዳ።

*ራስና አንገት ላይ ጨረር።* ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ግቡ፤ የተበላሸ ጥርስ ካለ አሁን ነው ጊዜው። ከዚያ ጨውና ሶዳ በየቀኑ። አቅም ካለ ቤንዚዳሚን ጨምሩ። አቅም ከሌለና ስኳር ከሌለበት፣ ሐኪሙን አማክራችሁ ማር።

*ሕፃናት።* መትፋት የማይችል ልጅ አይጉመጥመጥም። ንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጋዝ በጨውና በሶዳው ውሃ ነክራችሁ ድዱንና ጉንጩን ቀስ ብላችሁ ጥረጉለት። ማደንዘዣ ያለበትን ነገር በራሳችሁ አትስጡ።

*ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው አዛውንቶች።* ማታ ይውለቅ፤ አፍ ከቆሰለም ከምግብ ሰዓት ውጭ ይውለቅ። ከጥርሱ ሥር ሳይታይ የሚጀምር ቁስል አለ።

መጉመጥመጥ የማይበቃበት ጊዜ

ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ውሃ መዋጥ ካቃተ፣ ከአፍ የሚወጣ ደም አልቆም ካለ፣ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ከተንጣለለ ወይም ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረው ከሰፋ ሪፈራል ሂዱ። ትኩሳት ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ነጭ የደም ሴሉ በወረደ ሰው ላይ አንድ ሌሊት ብዙ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ወረፋ ከመያዛችሁ በፊት «ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ትኩሳት አለው፣ መድኃኒቱን የወሰደው በዚህ ቀን ነው» ብላችሁ ተናገሩ፤ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ወረቀትም አሳዩ።